«ሬስሊንግ እኮ ውሸት ነው» ተብላችሁ ለተዋችሁ፦ እንደገና እንዴት ትጀምራላችሁ

ልጅ ሆነን ሰፈራችን አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች፣ ዙሪያዋ ቆርቆሮ፣ ውስጧ አግዳሚ ወንበር፣ ተጠባብቀን የምንቀመጥባት። ጠዋት የህንድ ፊልም፣ ከሰዓት ካራቴ፣ ቅዳሜ ሬስሊንግ። አንድ ቅዳሜ አንደርቴከር ዓይኑን ገልብጦ ሰውዬውን አንገቱን አንቆ ወደ ላይ ሊያነሳው ሲል መብራት ድርግም። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ አልመጣም፣ ባለቤቱም ሳንቲማችንን አልመለሰልንም፣ ሳምንቱን ሙሉ ማን አሸነፈ እያልን ስንጨቃጨቅ ከረምን። ከዛ የሰፈራችን ትልቅ ልጅ መጣና «ፋራ ሁላ፣ ተነጋግረው እኮ ነው፣ ውሸት ነው» አለን። በቃ። ያቺ ንግግር ስንቱን ልጅ ከሬስሊንግ እንዳባረረች። እኔንም አስር ዓመት ገደማ አባራኛለች።

ይሄን የምጽፈው እዛችው ንግግር ላይ ለቀራችሁ ነው። ጆን ሲናን፣ ባቲስታን፣ ሬይ ሚስቴሪዮን፣ ኬንን ታስታውሳላችሁ፣ ቲክቶክ ላይ ቁርጥራጭ ነገር ሲመጣባችሁ ቆም ብላችሁ ታያላችሁ፣ ግን ስንት ድርጅት ስንት ቀበቶ ስንት አዲስ ስም ሆኖባችሁ ከየት እንደሚጀመር ግራ ገብቷችኋል። አትጨነቁ። መቀየር ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ዓይናችሁን ከመቺው ላይ አንሱና ተመቺው ላይ አድርጉት። ሌላው ሁሉ ቀስ እያለ ይመጣል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

መጀመሪያ የውሸቱን ነገር እንጨርስ

አዎ፣ ውጤቱ ቀድሞ ይታወቃል። ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስን ሰው ቢሮ ውስጥ አለ። ሚስጥርም አይደለም፣ በ1989 የቪንስ ማክማሃን ድርጅት፣ ያኔ ደብሊውደብሊውኤፍ የሚባለው፣ ራሱ ኒው ጀርሲ ውስጥ ለሕግ አውጪዎች የኛ ነገር ውድድር ሳይሆን መዝናኛ ነው ብሎ ቃሉን ሰጥቷል፣ ለምን ብትሉ እንደ ቦክስ በስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥር ስር ላለመግባትና ገንዘብ ለመቆጠብ። የሰፈሬ ልጅ ትልቅ ሚስጥር ያወጣ መስሎት ነበር እንጂ ባለቤቶቹ ራሳቸው ካመኑ ቆይተዋል።

ግን ውጤቱ መታወቁና አለማመሙ ለየብቻ ነው። ሪንጉ ከሥር ብረት ነው፣ ብረቱ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ስስ ስፖንጅ፣ ከላይ ሸራ። ፍራሽ እንዳይመስላችሁ። መውደቅን ይማሩታል እንጂ ሕመሙ አይቀርላቸውም፣ አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ፣ ጀርባህ በሙሉ እኩል ይረፍ፣ ጭንቅላትህ መሬት እንዳይነካ እያሉ ወር ሙሉ መውደቅ ብቻ ያሠሯቸዋል። 1998 ፒትስበርግ ላይ ሚክ ፎሊን፣ ያን ጭምብል ያለውን ማንካይንድን፣ አንደርቴከር ከብረት አጥሩ ጣሪያ ላይ ወረወረው፣ ወደ 5 ሜትር ወርዶ የኮሜንታተሮቹ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ያ ታስቦበት ነበር። ሰውዬው ግን ከቃሬዛ ተነስቶ እንደገና ወጣ፣ በሁለተኛው ጣሪያው ራሱ ተበጥሶ ወደ ሪንጉ ወደቀ፣ ያ አልታሰበም፣ ጥርሱ ወልቆ ደም በደም ሆኖ ካሜራው ሲያቀርበው ፈገግ ብሎ ታያላችሁ። በ1999 ደግሞ ካንሳስ ሲቲ ላይ ኦወን ሃርት ከጣሪያ በገመድ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ሾውው ቀጠለ። እስከዛሬ ሳስበው ያናድደኛል፣ እሱን ያነሳሁት ውሸት ነው ለሚል ሰው መልስ ብዬ ብቻ ሳይሆን ይሄን ነገር የምንወድ ሰዎች ማወቅ ስላለብን ነው።

ብሔራዊ ቴአትር ገብቶ መሀል ላይ ብድግ ብሎ «ሰውዬው አልሞተም፣ ውሸት ነው!» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ሬስሊንግ ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ጠበቃ ነው። ውጤቱ ያልታወቀ ትግል ያማረው ኦሎምፒክ አለለት፣ እሱም ደስ ይላል።

በነገራችን ላይ ልጅ ሆነን ፊልም ስናይ «አክተር አይሞትም» እንል አልነበር? እነሱ አክተሩን ቤቢፌስ፣ ክፉውን ሂል ይሉታል። ልዩነቱ እዚህ አክተሩ ይሸነፋል፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን ወንበር አንስቶ የገዛ ጓደኛውን ጀርባውን ብሎ እሱ ራሱ ክፉ ይሆናል። ሃልክ ሆጋን ለዓመታት ልጆችን ጸልዩ፣ ቫይታሚናችሁን ዋጡ ሲል የኖረ ሰውዬ በ1996 ድንገት ዞሮ ክፉ ሲሆን ሕዝቡ ሪንጉን በቆሻሻ ሞላው። ውሸት መሆኑን ጠፍቷቸው ነው? አይደለም እኮ፣ ተከድተው ነው።

አንድ ግጥሚያ እንዴት ይታያል

እዚህ ላይ እማዬን ላምጣላችሁ። ቤት ውስጥ ኤዲ ጌሬሮን እያየሁ ነው፣ እሷ ቡና እየቀዳች ነው። ዳኛው ጀርባውን ሰጥቷል። ኤዲ ታጣፊውን ወንበር አነሳ። ሰውዬውን ሊመታው ነው ስትሉ መሬቱን ጓ! አደረገና ወንበሩን ወረወረለት፣ ሰውዬው ሳያስበው ቀለበው፣ ኤዲ ደግሞ እንደተመታ ሰው በጀርባው ዝርግት አለ። ዳኛው ዞር ሲል የሚያየው ምንድነው? ወንበር የጨበጠ ሰውዬና መሬት ላይ የተዘረጋ ኤዲ። ሰውዬው እየማለ እየተገዘተ ነው፣ ኤዲ አንድ ዓይኑን በስሱ ከፈት አድርጎ ዳኛው አምኖ እንደሆን ያጣራል። እማዬ «አይ ይሄ ሌባ!» ብላ ስትስቅ ስኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ኮሜንታተሩ ምን እያለ እንደሆነ አታውቅም፣ የማንም ታሪክ አታውቅም፣ ግን አንድም ያመለጣት ነገር የለም። ጥሩ ሬስለር ማለት ይሄ ነው ለኔ። ኤዲ በ2004 ብሮክ ሌስናርን፣ ያን በሬ የሚያክል ሰውዬ፣ አሸንፎ ትልቁን ቀበቶ ወሰደ፣ በቀጣዩ ዓመት በ38 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ተመቺውን እዩ ያልኩት ለዚህ ነው። መቺው እጁን ያወዛውዛል፣ ያቺ ቡጢ ከባድ ትሁን ቀላል የሚነግራችሁ የተቀበለው ሰው ነው፣ እነሱ ሴል ማድረግ ይሉታል። ስታዩ እንዲህ እያላችሁ ጠይቁ፦ 5ኛው ደቂቃ ላይ ጉልበቱን ተመትቶ ነበር፣ 15ኛው ደቂቃ ላይ ሲሮጥ ያነክሳል ወይ? ሰውዬውን ወደ ላይ ሲያነሳ ያቺ ጉልበት ትከዳዋለች ወይ? ካነከሰ ጎበዝ ነው፣ ታሪኩን አልረሳም። ምንም እንዳልተፈጠረ ከዘለለ ግን እናንተም ያያችሁት 10 ደቂቃ ውሃ በላው ማለት ነው። ሲበዛም ያስቃል፣ ሾን ማይክልስ በ2005 ከሆጋን ጋር ሲገጥም ተናዶ ነው መሰለኝ በእያንዳንዱ ምት እንደ ዓሣ እየተንፈራገጠ፣ ሪንጉን እየዞረ እየተንከባለለ ሰውዬው ላይ ሙድ ያዘበት፣ ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት።

ዳኛውንም አትርሱት። ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ አለ፣ ከጀርባ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ይነግሩታል፣ እሱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ደህና ነህ ወይ ያለ መስሎ ለተጫዋቾቹ ያቀብላል። ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ እንደ መስቀለኛ ካጣመረ ሰው የምር ተጎድቷል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ልባችሁ ይደንግጥ። (እሱንም አንዳንዴ ለታሪክ ሲሉ ይጠቀሙበታል፣ አይታመኑም።)

የምር ምት ማየት ለሚፈልግ ደግሞ አንድ ግጥሚያ ልስጣችሁ፣ መስከረም 2022 ካርዲፍ፣ ዌልስ፣ ጉንተር ከሺመስ። ጉንተር የቪየና ሰው ነው፣ ዝላይ የለው ምን የለው፣ ያለው መዳፍ ነው። በተዘረጋ መዳፍ ደረትን ይላል፣ ጧ! ድምፁ ከስታዲየም ውጭ ይሰማል ነው የሚመስለው። ሺመስ ቀይ ፀጉር ነጭ ቆዳ ያለው አየርላንዳዊ ስለሆነ እያንዳንዷ ጥፊ ምልክት ትተዋለች፣ ግማሽ ላይ ስትደርሱ ደረቱ በርበሬ የተደፋበት ነው የሚመስለው። ሺመስ ተሸነፈ። ሕዝቡ ግን ተነስቶ ያጨበጨበው ለተሸናፊው ነው።

ድርጅቶቹን በአጭሩ፣ ከነሐሜታቸው

ደብሊውደብሊውኢ ያው ትልቁ ነው፣ ልጅ ሆነን ያየነው ደብሊውደብሊውኤፍ የሚባለው ራሱ ነው፣ በ2002 የዱር እንስሳቱ ድርጅት፣ ባለ ፓንዳው፣ በሦስቱ ፊደላት ምክንያት ፍርድ ቤት ገትሮ አሸንፎት ነው ስሙን የቀየረው። ከ2023 ጀምሮ ከዩኤፍሲ ጋር ቲኬኦ በሚባል አንድ ድርጅት ስር ሆኗል፣ ታሪኩን የሚመራው ደግሞ ትሪፕል ኤች ነው፣ አዎ ያ ውሃ የሚተፋው፣ መዶሻ የሚይዘው። ጥንካሬያቸው ታሪክ ማቆየት ነው፣ አንዲት ቂም ሦስት ዓመት ይይዙልሃል። ድክመታቸው ብር ነው። ሸራው ላይ ማስታወቂያ፣ ጠረጴዛው ላይ ማስታወቂያ፣ ሰው ሊሞት ሲል ማስታወቂያ፣ የትኬቱን ዋጋ ተዉት።

ሌላም ቅሬታ አለኝ፣ አንዳንዴ ትልቅ ነገር ይጀምሩና ይበትኑታል። በ2025 ቶሮንቶ ላይ ጆን ሲናን፣ ከሀያ ዓመት በላይ የልጆች ጀግና የነበረውን ሲናን፣ ክፉ አደረጉት፣ ዘ ሮክ ቆሞ እያየ ኮዲ ሮድስን፣ ያኔ ቀበቶውን የያዘውን፣ እግሮቹ መሀል መታው፣ ዓለም ተንጫጫ፣ እኔ ራሴ ከአልጋዬ ነው የተነሳሁት። ከዛ? ዘ ሮክ ጠፋ። ሬስልማንያ ላይ፣ የዓመቱ ትልቁ ሾዋቸው ላይ እንኳን አልመጣም፣ ሲና 17ኛ ቀበቶውን የወሰደው በራፐሩ በትራቪስ ስኮት እርዳታ ነው፣ ከወራት በኋላ እንደገና ጥሩ ሰው ሆነ። እንደዛ ያለ ስጦታ ይባክናል? ወጥ ሠርቶ ሠርቶ ጨው ሳይጨምሩ እንደማቅረብ ነው።

ሲያደርጉት ግን ያደርጉታል። ኮፊ ኪንግስተን ጋና የተወለደ ነው፣ መጀመሪያ ሲያመጡት ግን ጃማይካዊ ነው ብለው ድሬድ አስረው ዘዬውን ሁሉ ሲያስመስል ከረመ። 11 ዓመት ሙሉ ሲዘል፣ ሲያስቅ፣ ሲያጅብ። በ2019 ሌላ ሰው ሲጎዳ ለመሙላት አስገቡትና ሕዝቡ ይሄንን ሰው አንለቅም አለ፣ ሬስልማንያ 35 ላይ ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ ቀበቶውን ሲያነሳ ልጆቹ ሪንግ ውስጥ ገቡ። እንባ ያልመጣበት ሰው ድንጋይ ነው።

ኤኢደብሊው በ2019 የተጀመረው ነው። ባለቤቱ ቶኒ ካን፣ የኳስ ሰዎች ስሙን ታውቁታላችሁ፣ አባትየው የፉልሃም ባለቤት ነው፣ ልጁም ክለቡ ውስጥ ይሠራል። (ደብሊውደብሊውኢ ውስጥም ኒክ ካን የሚባል አለቃ አለ፣ አይዛመዱም፣ እኔ ሁለት ዓመት ወንድማማች ናቸው ብዬ ሳወራ ነበር፣ ሼም።) ነሐሴ 2023 ዌምብሌይ ስታዲየምን ሞልተው 81,035 ትኬት መሸጣቸውን ተናግረዋል፣ ለአራት ዓመት ሕፃን ድርጅት ቀልድ አይደለም። ንጹህ የትግል ችሎታ ከፈለጋችሁ እዚህ ነው፣ ኬኒ ኦሜጋ፣ ዊል ኦስፕሬይ፣ ድሮ ዲን አምብሮዝ የምንለው ጆን ሞክስሊ። ችግሩ መብዛት ነው። ሰው በዛ፣ ቀበቶ በዛ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞት በዛ፣ አንገቱ መሬት ላይ የተተከለ ሰው በአንድ ቁጠር ብድግ ይላል፣ መስከረም ላይ የገደለው ምት ጥቅምት ላይ ትንኝ አይገድልም። ተመቺውን እዩ ያልኩትን ስትለምዱ እዚህ ቤት ብዙ ትናደዳላችሁ።

ግን አንድ ግጥሚያቸውን ሳታዩ እንዳትፈርዱ፦ ግንቦት 2019፣ የመጀመሪያው ሾዋቸው፣ ኮዲ ሮድስ ከወንድሙ ከደስቲን ጋር። ደስቲንን ታውቁታላችሁ፣ ያ በወርቅ ቀለም የሚቀባው ጎልደስት እሱ ነው። በዕድሜ ትልቅ ነው፣ ፊቱ ተፈንክቶ ቀለሙና ደሙ ተቀላቅሎ ዓይኑ አይታይም፣ ታናሹ እየመታው ነው፣ እየመታው ራሱ የሚያለቅስ ይመስላል። ሲያልቅ ታናሽ አሸነፈ፣ ትልቁን አላሰናበተውም፣ አቅፎ ከኔ ጋር ሁን አለው። ያን ቀን ከወንድማችሁ ጋር ተኳርፋችሁ ከሆነ አትዩት።

ጃፓን ሌላ ዓለም ነው። ኒው ጃፓንን በ1972 የመሠረተው አንቶኒዮ ኢኖኪ ነው፣ ያ በ1976 ከመሐመድ አሊ ጋር የገጠመው፣ 15 ዙር ሙሉ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ የአሊን እግር ሲረግጥ የዋለው። ሕዝቡ ዝም ብሎ ያያል፣ እንደ ቅዳሴ ነው፣ ከዛ ሁሉም ባንዴ ይፈነዳል። በየዓመቱ ጃንዋሪ 4 ቶኪዮ ዶም ላይ ትልቁን ያደርጋሉ። ከኦካዳና ከኦሜጋ የ2017ቱን የቶኪዮ ዶም ግጥሚያ ጀምሩ፣ ከ40 ደቂቃ በላይ ነው፣ ቡና አፍሉ። ሜክሲኮ ደግሞ ጭምብል ነው፣ ጭምብሉን የተሸነፈ ሰው ፊቱን ለሕዝብ ያሳያል፣ ስሙን ይናገራል፣ ከዛ በኋላ መልሶ አይለብሰውም። ሲኤምኤልኤል ከ1933 ጀምሮ አለ። እኔ ሜክሲኮን ብዙ አላይም፣ ፍጥነታቸው ያዞረኛል።

ሴቶቹን ለብቻ አላነሳቸውም ነበር፣ ግን ድሮ ያቆማችሁ ሰዎች የምታውቁት ያንን የሁለት ደቂቃ ፀጉር መጎተት ስለሆነ ማለት አለብኝ፣ ያ አልፏል። ሬስልማንያ 35ን የዘጉት ቤኪ ሊንች፣ ሻርሎትና ሮንዳ ራውዚ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቢያንካ ቤሌር፣ ሹሩባዋ እስከ ባቷ የሚደርሰው፣ ሳሻ ባንክስን በገዛ ሹሩባዋ እንደ ጅራፍ ጎኗን ስትላት ድምፁ ተሰማ፣ የሳሻ ጎን ላይ ምልክቱ ወጣ። የቡሄ ጅራፍ የሰማ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ሪያድ ያላችሁ እህቶቻችን ደግሞ ታስታውሱ ይሆናል፣ እዛ የመጀመሪያው የሴቶች ግጥሚያ በ2019 ነው፣ ናታልያና ሌሲ ኤቫንስ ከአንገት እስከ እግራቸው ተሸፍነው ነው የገጠሙት፣ ሲጨርሱ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ።

ከየት ልጀምር ካላችሁ፣ ከሳሚ ዘይን

ሁሉንም ካያችሁ ትደክማላችሁ። አንድ ሰው ያዙ። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው ሳሚ ዘይንን ነው። ቤተሰቦቹ ከሶርያ የሄዱ፣ የሞንትሪያል ልጅ፣ ቀይ ፂም፣ ከሲታ፣ መንገድ ላይ ብታዩት የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው የምትሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮማን ሬንስ ቀበቶውን ይዞ ዓመታት ተቀምጧል፣ መጨረሻ ላይ 1,316 ቀን ነው የደረሰው፣ ዙሪያውን ዘመዶቹ ናቸው፣ የአጎት ልጆቹ ጄይና ጂሚ ኡሶ፣ ጠበቃ የሚመስለው አፈ ጮሌው ፖል ሄይማን። ሳሚ በ2022 ተለማምጦ ተላልኮ እነዚህ ቤት ገባ፣ ልክ ሀብታም ዘመድ ቤት የተጠጋ ሰው እንደሚሆነው። ሲላክ ይሄዳል፣ ሲሰደብ ይስቃል፣ ሲያስቅ ይወዱታል። ጄይ ግን አልወደደውም፣ ይሄ ሰው የኛ አይደለም አለ። መስከረም ላይ ሮማን ከነሱ ስም ጋር የተጻፈ ቲሸርት ሰጠው፣ የሳሚን ፊት እዛ ጋ እዩት፣ መኖሪያ ፈቃድ የወጣለት ሰው ነው። ኅዳር ላይ ታማኝነቱን ሊያሳይ ብሎ የብዙ ዓመት ጓደኛውን ኬቨን ኦወንስን ከዳ፣ ጄይም የዛን ቀን አቀፈው።

ከዛ ጃንዋሪ 28 ቀን 2023፣ ሳን አንቶኒዮ። ኬቨን ተሸንፎ እጁ በካቴና ገመዱ ላይ ታስሯል፣ ይደበድቡታል። ሮማን ወንበር አንስቶ ለሳሚ ሰጠውና ምታው አለው። ሳሚ ወንበሩን ይዞ ቆመ። አንዴ ኬቨንን ያያል፣ አንዴ ሮማንን። ሮማን ታገሠ፣ ታገሠና ሰደበው፣ ገፋው። ዞሮ ጀርባውን ሲሰጠው ሳሚ ወንበሩን ጀርባው ላይ አሳረፈው፣ ስታዲየሙ የተናደ ነው የመሰለኝ። ደበደቡት ኋላ፣ ሳሚን ለሦስት ሆነው። ግን ጄይን እዩ፣ ያ መጀመሪያ የጠላው ጄይ አልመታም፣ ፊቱን ይዞ ትቶ ወጣ። ቃል የለም፣ ሁሉም ነገር ፊት ላይ ነው።

በፌብሩዋሪ ሞንትሪያል ላይ፣ የገዛ ከተማው፣ ሚስቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ፣ ሳሚ ከሮማን ጋር ገጠመና ተሸነፈ። እኔ ያን ሌሊት ስልኬን አልጋው ላይ ወርውሬ ተኛሁ። በኤፕሪል ሎስ አንጀለስ ላይ ከኬቨን ጋር ታርቀው የኡሶዎቹን ቀበቶ ወሰዱ። ዓመት ቆይቶ ደግሞ፣ ያ መዳፈ ከባዱ ጉንተር ለ666 ቀን የያዘውን ቀበቶ የወሰደበት ማን መሰላችሁ? ሳሚ። ይሄን መስመር በቅደም ተከተል ካያችሁ ሦስትና አራት ማታ ነው የሚፈጅባችሁ፣ በዛው ሮማንንም ኮዲንም ጉንተርንም ታውቃላችሁ፣ ሳታስቡት የቤቱ ልጅ ሆናችኋል።

ሰዓት፣ ዳታ፣ ልጆች

አዲስ አበባ ላላችሁ ሰዓቱ ጠላታችሁ ነው። ሮው፣ የደብሊውደብሊውኢ ሳምንታዊ ሾው፣ አሜሪካ ሰኞ ማታ ሲሆን እኛ ጋ ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 10። ሌላኛው ሾዋቸው ስማክዳውን ቅዳሜ ሌሊት፣ የኤኢደብሊው ዳይናማይት ሐሙስ ሌሊት። ሥራ ያለው ሰው ይሄን አይሞክርም። ሳዑዲ ሲያደርጉት ግን ሪያድና አዲስ አንድ ሰዓት ስለሆነ ራታችሁን በልታችሁ ታያላችሁ፣ የአውሮፓዎቹም እንደዛው ምቹ ናቸው። ሮው ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ኔትፍሊክስ ላይ ነው፣ እናንተ ያላችሁበት አገር ይሠራ እንደሆን ብር ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

ዳታ ለሚቆጥር ሰው ሙሉውን ሾው አትዩ። የሁለትና ሦስት ሰዓቱን ሾው ድርጅቶቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ በ10 ደቂቃ ጨምቀው ያወጡታል፣ የድሮ ሙሉ ግጥሚያዎች ደግሞ ደብሊውደብሊውኢ ቮልት የሚባለው ቻናላቸው ላይ በነጻ አሉ። ጠዋት እስክታዩ ድረስ ቴሌግራም አትክፈቱ፣ አርሰናል የተሸነፈ ቀን እንደምታደርጉት።

ልጆች ቤት ካሉ አብራችኋቸው እዩ፣ ብቻቸውን አትተዉአቸው። ታናሽ ወንድሜ ጄፍ ሃርዲን ሆኖ ከቁም ሳጥን ላይ እኔ ላይ ዘሎ፣ እኔ ዞር ብዬ፣ አልጋው ርብራቡ ሦስት ቦታ ተሰበረ፣ አባዬ ያን ቀን ለሁለታችንም ያልታሰበበት ምት ነው የሰጠን። መውደቅ ወራት የሚማሩት ሥራ እንደሆነ ንገሯቸው።

የመጨረሻው የቤት ሥራ

ሳሚን ከጨረሳችሁ በኋላ ዲሴምበር 13 ቀን 2025ን እዩ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የጆን ሲና የመጨረሻ ግጥሚያ ከጉንተር ጋር። የድሮ ሕግ አለ፣ የሚሰናበት ሰው ተሸንፎ ነው የሚወጣው፣ ስሙን ለሚቀጥለው ሰው ጥሎለት። ሁሉም አያደርገውም። አንደርቴከር 21 ሬስልማንያ ሳይሸነፍ ቆይቶ በ2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ ለሌስናር ሲሸነፍ ስታዲየሙ ጭጭ ነው ያለው፣ ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ብዙ ሰው እስከዛሬ ሌስናር አያስፈልገውም ነበር ይላል፣ እኔም እላለሁ። ጉንተር ግን ያስፈልገው ነበር።

ጉንተር አንገቱን በክንዱ ይዞ እያነቀው ነው። ሲና ይወጣል፣ እንደገና ያዘው፣ ይወጣል፣ እንደገና። ዕድሜ ልኩን ተስፋ አትቁረጡ የሚል ቲሸርት ለብሶ የኖረ፣ ከ650 በላይ የታመሙ ልጆችን ምኞታቸው አንተን ማግኘት ነው ተብሎ ያገኘ ሰውዬ ነው። እጁን ከማንሳቱ በፊት ፊቱን እዩት። ፈገግ አለ። ከዛ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ እጅ ሰጠ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ትሪፕል ኤች ሲወጣ ጮኹበት። እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ።

ያ የሰፈሬ ትልቅ ልጅ፣ ፋራ ሁላ ያለን፣ አሁን ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ልጁን ይዞ እዛ አዳራሽ ገብቶ ነበር። በነጋታው የስድስት ደቂቃ ድምፅ ቴሌግራም ላይ ላከልኝ፣ ከመኪናው ውስጥ ነው፣ እየጮኸ ነው፣ እንዴት ሲና ለዛ ሰውዬ እጅ ይሰጣል፣ እንዴት አንድ ሰከንድ አይታገሥም፣ ልጄ እስከ ቤት ሲያለቅስ ነው የሄደው፣ ይሄ ግፍ ነው።

«ተነጋግረው እኮ ነው» ብዬ መለስኩለት። አይቶታል፣ እስካሁን አልመለሰም።